«ኃይሉ መርጊያስ በማሽን አይደል የሠራው?» ለምትሉን

ባለፈው ሳምንት በኤአይ ስለሚሠሩ የሠርግ ዘፈኖች እዚሁ ቻናል ላይ ሁለት አንቀጽ ጽፌ ነበር። ከመጡልኝ መልሶች ግማሽ ያህሉ አንድ ዓይነት ናቸው። አንዱን እንዳለ ልገልብጠው፦ «ጋሼ፣ እርስዎ የሚወዱት ኃይሉ መርጊያስ በማሽን አይደል የሠራው? ድራመር የለ፣ ቤዝ መቺ የለ፣ ብቻውን ቁልፍ ሲጫን ነው የዋለው። ያኔ ካጨበጨቡ ዛሬ ምን ያስጮኽዎታል?»

ጎበዝ ጥያቄ ነው። ጠያቂው ቢያንስ ኃይሉ መርጊያን ያውቃል፤ በዚህ ዘመን ይኼም ቀላል አይደለም። ከወዲያኛው ወገን ደግሞ «ማሲንቆና ክራር ብቻ! ሙዚቃችን የሞተው ኦርጋን የገባ ቀን ነው» የሚሉ አሉ። ሁለቱም ወገኖች የኔኑ ሰው ለምስክርነት ይጠሯቸዋል። አንደኛው ለማሽኑ እንዲመሰክሩለት፣ ሌላኛው ማሽኑን እንዲከሱለት።

ጋሽ ኃይሉን ስሰማ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ምስክር ከተጠሩ ዘንድ ያደረጉትን በትክክል እንየው። ረዘም ይላል፤ ሻያችሁን ያዙ። ዓመቶቹን «ዓ.ም.» ካላልኩ በስተቀር በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።

1. ሰውየው ያደረጉት

ጋሽ ኃይሉ በ1946 ደብረ ብርሃን ተወለዱ፤ ያደጉት አዲስ አበባ ነው። መነሻቸው አኮርዲዮን ነው፤ ኦርጋን የመጣው ኋላ ነው። በሰባዎቹ ከዋልያስ ባንድ ጋር ሆነው ለዓመታት በአዲስ አበባ ሒልተን ተጫወቱ። ዘመኑ የሰዓት እላፊ ዘመን ነበር። ሰዓቱ ከገባ በኋላ ጭፈራ ቤት ያለ ሰው ወደ ቤቱ መሄድ አይችልም፤ ስለዚህ ባንዱ እስኪነጋ ይጫወታል። እንዲህ ሌሊት ሙሉ አብረው የተጫወቱ ሰዎች አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ቢያውቅ አይገርምም።

ዋልያስ በ1977 «ቼ በለው» የሚባለውን ሸክላ አወጡ። በአብዛኛው ድምፃዊ የሌለበት፣ መሣሪያ ብቻውን የሚናገርበት ሥራ ነው። ቫይብራፎኑን የተጫወቱት ሙላቱ አስታጥቄ ናቸው። ዛሬ በየአገሩ ያሉ ባንዶች የሚጫወቱት «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለው የግርማ በየነ ድርሰት የወጣው ከዚሁ ሸክላ ነው። ርዕሱን ደግሞ ለእኛ ለአዊ ሰዎች ማንም ሊተረጉምልን አያስፈልግም። ጥር 23 እንጅባራ ሜዳ ላይ ፈረስ ሲጋለብ ያየ ሁሉ «ቼ» ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ጉዞው ሲያበቃ ከፊሎቹ ተመለሱ፤ ጋሽ ኃይሉ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ እዚያው ቀሩ። በ1985 ጋሽ ኃይሉ ዋሽንግተን ውስጥ ብቻቸውን ስቱዲዮ ገቡ። የያዙት አኮርዲዮን፣ ሮድስ የሚባለውን የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘር፣ በ1983 ገበያ ላይ የዋለውን ያማሃ ዲኤክስ 7 እና ሪትም ማሽን ነው። አንዱን ተጫውተው ያስቀዳሉ፤ በላዩ ሌላውን ይደርባሉ። «ሸሞንሟናዬ» የሚባለው ካሴት እንዲህ ተሠራ። አገር ቤት ገባ፣ ተሸጠ፣ ቀስ በቀስ ተረሳ።

በ2013 ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ ከአንድ ካሴት ቤት አገኘው። ከዚህ ከዳንግላ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ማለት ነው። ባለቤቱን ፈልጎ አስፈቅዶ ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በሚባለው አሳታሚው በኩል በዚያው ዓመት እንደገና አወጣው። ጋሽ ኃይሉ ያን ጊዜ ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዱ ነበር። በባትሪ የሚሠራ ኦርጋን ከመኪናው የዕቃ ማስቀመጫ አውጥተው ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመዱ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው መድረክ እንደገና የጠራቸው።

ታሪኩ ይኼው ነው። አሁን ወደ ክርክሩ።

2. የምወደውና የሚከነክነኝ

«ሸሞንሟናዬ»ን እወደዋለሁ። ብዙ መንገድ አብሮኝ ሄዷል። ሆኖም ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ነገር አለው፤ እሱን ደብቄ ልከራከራችሁ አልችልም።

የሚከነክነኝ ምቱ ነው። ዋልያስ ውስጥ ድራም የሚመቱት ተማረ ሀረጉ ነበሩ። «ቼ በለው»ን ክፈቱና ሌላውን ሁሉ ትታችሁ እሳቸውን ብቻ ተከተሉ። ጓደኛው ምን ሊል እንደሆነ እያደመጠ የሚመታ ሰው ትሰማላችሁ። «ሸሞንሟናዬ» ላይ ያለው ማሽን ግን ማንንም አያደምጥም። አኮርዲዮኑ ቢያለቅስም ቢስቅም ለሱ ያው ነው፤ እንደ ወፍጮ ይሄዳል። አንዳንድ ማታ ስሰማው ዘጠኝ ወንበር ተዘርግቶ አንድ ሰው ብቻ የተቀመጠበት ክፍል ሆኖ ይታየኛል።

ሌላም አለ። ቤዝ የሚመቱት መላከ ገብሬ፣ ሳክስፎን የሚነፉት ሞገስ ሀብቴ እዚያው አሜሪካ ነበሩ። ከጋሽ ኃይሉ ጋር ሆነውም ዙላ ባንድ የሚባል አቋቁመዋል። ስለዚህ «ሰው አጥተው ነው ወደ ማሽን የሄዱት» ብዬ ልከላከልላቸው አልችልም። ብቻቸውን ለመሥራት የመረጡት ራሳቸው ናቸው። እሾኩ ይኼ ነው። እኔን የሚሞግተው ወጣትም የነካው ይህንኑ እሾክ ነው፤ ደህና አድርጎ ነካው።

ታዲያ ለምን እወደዋለሁ? በዚያ ደረቅ ምት ላይ ስለሚተነፍሰው አኮርዲዮን። አኮርዲዮን እንደ አንጥረኛ ወናፍ ነው፤ ይከፈታል፣ ይጨመቃል። ክንድ ሲደክም ድምፁም ይደክማል፤ ሆድ ሲብስ ድምፁም ይብሳል። ማሽኑ ደንታ ቢስ በሆነ ቁጥር የሰውየው ብቸኝነት ይበልጥ ይሰማል። ሰው በሞላበት ባንድ ያን ካሴት ቢሠሩት ኖሮ ሌላ ጥሩ ካሴት ይሆን ነበር፤ ይኼኛው ግን አይሆንም። አገሩን ትቶ የሄደ ሰው የልጅነት መሣሪያውን አንሥቶ፣ አጃቢው ማሽን ብቻ ሆኖ፣ የአገሩን ዜማ ሲጫወት ነው የምንሰማው። ማሽኑ የታሪኩ አካል ነው። ባዶ ወንበሮቹም እንደዚሁ።

ሁለቱም ስሜት አብሮኝ አለ። አንዱ ሌላውን እስካሁን አላሸነፈውም፤ እንዲያሸንፈውም አልፈልግም።

3. «ኦርጋን ገደለን» ለምትሉ

ለእናንተ ጥቂት ነገር ብቻ ልበል።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 ገደማ ጀርመን አገር ሄደው ሸክላ ላይ ዘፈን አስቀዱ። የሄዱት ስለ መኪና ሊማሩ ነበር፤ የምኒልክን አውቶሞቢል ሊነዱ። ግጥም አዋቂ፣ ቅኔ አዋቂ፣ የዘመኑ አራዳ ነበሩ፤ የማሽኑን ጡሩምባ ሲያዩ አልሸሹም፤ ዘፈኑበት። ዛሬ «ጥንታዊ ቅርስ» ብለን የምንኮራበት ድምፃቸው የደረሰን በዘመኑ አዲስ በነበረው መሣሪያ ነው።

በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ አርባ ልጆች የምንላቸው፣ ጥሩምባና ትሮምቦን ይዘው ገቡ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። ያኔም ማሲንቆ ሊሞት ነው ያለ አይጠፋም። የዋልያስ ሳክስፎን፣ የጋሽ ኃይሉ አኮርዲዮን፣ የጥላሁን ገሠሠ አጃቢ ኦርኬስትራ፣ ሁሉም የመጣው ከባሕር ማዶ ነው። አምኃ እሸቴ በ1969 ሸክላ ማሳተም ሲጀምሩ ደግሞ ሕጉ የማሳተም መብቱን ለሀገር ፍቅር ብቻ ሰጥቶ ነበር። እሳቸው ከለከላችሁኝ ብለው አልተቀመጡም፤ ህንድ አገር አሳትመው አመጡ። ያ ባይሆን የዓለማየሁ እሸቴ የወጣትነት ድምፅ የት ይገኝ ነበር?

«የትንፋሽ መሣሪያን ኦርጋን አጠፋው» የሚለውም ጎደሎ ነው። ሳክስፎንና ትራምፔት ነፊዎችን ያፈሩት የክብር ዘበኛ፣ የምድር ጦርና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ነበሩ። መንግሥት ነበር ደሞዝ የሚከፍል፣ መሣሪያ የሚገዛ፣ የሚያስተምር። እነሱ ሲዳከሙና ሲበተኑ ስምንት ሰው የሚሠራውን ሥራ በሁለት እጅ የሚሠራ ኦርጋን ቦታውን ያዘ። ኦርጋኑ ወራሽ እንጂ ገዳይ አይደለም። ገዳዩን የምትፈልጉ ከሆነ ልጆች ትራምፔት የሚማሩበትን ቤት የዘጋውን ፈልጉ።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ከእኛ የተሻለ አልደነገጡም። በ1982 የእንግሊዝ ሙዚቀኞች ማኅበር የለንደን ቅርንጫፍ ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን ይታገዱልን ብሎ ነበር። እገዳው አልሆነም። ከፍርሃቱ ግን አንድ ነገር እውነት ነበር፤ እሱም እንጀራ ነው። ወደዚያ እመጣለሁ።

4. «ኤአይም ያው መሣሪያ ነው» ለምትሉ

አሁን ወደ ጠያቂዬ። «ማሽን ማሽን ነው፤ ሪትም ማሽንን የተቀበለ ኤአይን መቃወም አይችልም» ነው የምትለኝ። ልዩነቱን በተግባር ላሳይህ።

ሪትም ማሽኑ ለጋሽ ኃይሉ የሰጣቸው ምት ብቻ ነው። ዜማውን የመረጡት፣ ጌጡን የጨመሩት፣ የት ላይ ማቆየት የት ላይ መልቀቅ እንዳለበት የወሰኑት እሳቸው ናቸው። ማሽኑ ምትህን ይጠብቅልሃል እንጂ ሙዚቀኛ አያደርግህም። አኮርዲዮን የማይችል ሰው ያንኑ ሪትም ማሽን ብትሰጠው የሚያወጣው ቱክ ቱክ ብቻ ነው። ዛሬ ስልክህ ላይ ያለው መተግበሪያ ግን «የጎጃም ሠርግ ዘፈን፣ የሙሽራው ስም እንዲህ፣ የሙሽራዋ እንዲህ» ብለህ ስትጽፍለት ዜማውንም፣ ድምፁንም፣ ማሲንቆ መሰሉንም ጨርሶ ይሰጥሃል። እንዲህ ስታደርግ መሣሪያ አልተጫወትክም፤ ደንበኛ ነህ፤ አዘሃል፣ መጥቶልሃል። ማዘዝ ነውር የለበትም። አዝዞ የበላ ሰው ግን «እኔ ነኝ የሠራሁት» አይልም።

ሁለተኛው የስም ጉዳይ ነው። የጋሽ ኃይሉ ካሴት ሽፋኑ ላይ ራሱ «ኃይሉ መርጊያና ክላሲካል መሣሪያው» ይላል። ማን እንደሠራውና በምን እንደሠራው ከመክፈትህ በፊት ታውቃለህ። ተማረ ሀረጉ መስለው የሚመቱ የሉበትም። ዛሬ በየቲክቶኩ የሚዞረው ዘፈን ማን ዘፈነው? ማሲንቆውን ማን መታው? ማንም። ግን የሆነ ሰው ድምፅ ነው፤ የሆነ ሰው የቀስት አሳሳብ ነው። ምክንያቱም ማሽኑ አማርኛ መዝፈን የተማረው አማርኛ የዘፈኑ ሰዎችን ሰምቶ ነው። ከሰማይ አልወረደለትም።

ይኼ የኔ ጥርጣሬ ብቻ አይደለም። በሰኔ ወር 2024 ዩኒቨርሳል፣ ሶኒና ዋርነር ሱኖና ዩዲዮ የሚባሉትን የኤአይ ሙዚቃ ኩባንያዎች አሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ሱኖ በመልሱ በክፍት ኢንተርኔት ላይ የሚገኘውን ሙዚቃ ባጠቃላይ ለሥልጠና እንደተጠቀመ አልካደም፤ «ሕጋዊ አጠቃቀም ነው» አለ እንጂ። በ2025 ዩኒቨርሳል ከዩዲዮ፣ ዋርነር ከሁለቱም ጋር ተስማሙ። አያችሁ? ትልልቆቹ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠው ተደራደሩ። የጎጃም አዝማሪ ወንበር የት ነው? ዩቲዩብ ላይ የልጁ ጓደኛ በስልክ ቀድቶ የለቀቀለት ማሲንቆ ተጫዋች ጠበቃው ማነው?

እኛም ሕግ አለን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሏል። ለደራሲው ብቻ ሳይሆን ለከዋኙም መብት ይሰጣል። ነገር ግን የተጻፈው ካሴትና ሲዲ በሚሰረቅበት ዘመን ነው። ሌባው ካሴቱን አባዝቶ ሲሸጥ እጁን ትይዘዋለህ። አንድ ሺህ ሰው ሰምቶ አንድ ሺህ አንደኛውን መስሎ የሚዘፍነውን ማሽን በየትኛው አንቀጽ ትይዘዋለህ? ይህን የሚጠይቅ ሙዚቀኛ፣ የሕግ ሰው፣ የባህል ቢሮ ያስፈልገናል። እኛ ግን «አቤት ጉድ፣ ስማችንን ጠራው» እያልን ቪዲዮ እንቀባበላለን።

አንዱ ወዳጄ «ሙዚቀኛም እኮ የሚማረው ሌላውን ሰምቶ ነው» ብሎኛል። ልክ ነው። ጋሽ ኃይሉም ሰምተው ነው የተማሩት። ግን አዝማሪ ከአባቱ ሲማር አባቱን ይጦራል፤ ደቀ መዝሙር ከመምህሩ ሲማር ስሙን ይጠራል፤ ሲያጠፋም የሚወቅሰው አለ። የሙያችን ሥርዓት ይኼ ነው። ማሽኑ የሚጦረው ባለአክሲዮኑን ነው።

5. እኛ ከተማ ላይ ሲመጣ

ይኼ ሁሉ የአሜሪካ ወሬ አይደለም። ጥር ሲገባ ዳንግላ ላይ ስንት ድንኳን እንደሚተከል ታውቃላችሁ። ከሃያ ዓመት በፊት ሠርግ ማለት ማሲንቆ፣ ከበሮ፣ የሴቶች እልልታ ነበር። ከዚያ አንድ ሰው ከኦርጋኑና ከስፒከሩ ጋር መጣ። ኦርጋኑ ውስጥ ችክችካው ተሞልቶ ተቀምጧል፤ ቁልፍ ይጫናል፣ ይሄዳል። ቢያንስ ግን አንድ የሚዘፍን ሰው ነበረ፤ አንዳንዱም ብልህ ሆኖ ማሲንቆ መቺውን ከጎኑ ያስቀምጥ ነበር። አሁን ፍላሽ ተሰክቶ የሙሽሮቹ ስም ያለበት የኤአይ ዘፈን ይለቀቃል። ሰው ስልኩን አውጥቶ ይቀዳል። ማሲንቆ መቺው ምግብ በልቶ፣ ሙሽራውን መርቆ፣ መሣሪያውን ከከረጢቱ ሳያወጣ ይሄዳል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ሰውየውን አልጠራቸውም፤ አንገታቸውን ደፍተው ሲወጡ ያዩአቸው ይበቃሉ።

ቁጣዬ ስለ እንጀራቸው ብቻ አይደለም። አዝማሪ ድንኳን ውስጥ የሚሠራውን ሥራ አስቡት። አንዱ ሽማግሌ ብድግ ብሎ «ተቀበል!» ይላል፤ አዝማሪው ይቀበላል። የሙሽራው አጎት ንፉግ መሆኑን ያውቃል፤ በሰም ያመሰግነዋል፣ በወርቁ ይነካካዋል፤ ድንኳኑ በሳቅ ይፈርሳል፤ አጎትየው ኪሱን ይፈታል። ሁለት ቤተሰብ ተኳርፎ ከሆነ የሚያስታርቅ ግጥም ይጥላል። ይኼ ሁሉ የሚሠራው እዚያው፣ የሰዎቹን ፊት እያየ ነው። ማሽኑ የሙሽራውን ስም ያውቃል፤ አጎቱን አያውቅም።

ሌላ ነገር ልጨምርላችሁ፤ ይኼ የቋንቋ ጉዳይ ነው። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አይጽፍም። «ገና» ብለህ ስትጽፍ ላልቶ ሲነበብ «ገና ነው» ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው። «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ መኖሩን ነው የሚነግርህ። እኛ ከዐውዱ እናውቀዋለን። ማሽኑ የተጻፈለትን ይዘምራል፤ አንዳንዴ ይስታል፣ አንዳንዴ ይገጥምለታል። ባለፈው አንድ ሠርግ ላይ የሰማሁት ዘፈን ሙሽሮቹን ለገና በዓል ሊመርቅ ፈልጎ «ገና ናችሁ» የሚል አስመስሎታል። ሰው ሳቀ። እኔ ግን ሰምና ወርቅ ምን ላይ እንደቆመ አሰብኩ። ቅኔው ያለው እዚያች ባልተጻፈች ጥብቀት ላይ ነው። እሷን ለሚያጠፋ ዘፋኝ በአደባባይ ወቀሳ ነበር፤ አሁን ሳቅ ሆነ።

ስለ አዊኛ ደግሞ አልናገር። የአማርኛው ዘፈን ቢያንስ ኢንተርኔት ላይ ተከምሯል። የእናቶቻችን የአዊኛ የሠርግ ዘፈን የት ተቀድቶ ይገኛል? ማሽን ያልተቀዳለትን አያውቅም። ሠርጉን ለማሽን በሰጠን ቁጥር መጀመሪያ የሚጠፋው ማሽኑ የማያውቀው ነው። ይኼ ለእንጅባራና ለዳንግላ ሰው ከማንም በላይ ሊያሳስብ ይገባል።

6. የሚቃወሙኝን ልስማቸው

«ባንድ ለማምጣት ገንዘብ የት አለ?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ከባሕር ዳር ባንድ ማስመጣት ዛሬ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን መንገድም ይጠይቃል፤ መንገዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ልጁን በተበደረው ገንዘብ የሚድር አባት ፍላሽ ሰክቶ ቢያጨፍር ማንም ሊፈርድበት አይችልም፤ እኔም አልፈርድበትም። የምጠይቀው ሦስት ስፒከር ተከራይቶ፣ ድንኳኑን በመብራት አስጊጦ፣ የሠፈሩን ማሲንቆ መቺ ግን «ዘንድሮ አያስፈልግም» የሚለውን ነው።

«ስቱዲዮ የሌለበት ከተማ ያለ ወጣትስ?» ይኼ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ ጥያቄ ነው። እዚህ ዳንግላ ውስጥ በስልኩ ላይ ምት የሚሠራ፣ የአያቱን ማሲንቆ በስልክ ቀድቶ ቆርጦ የሚሰፋ ልጅ ካለ እኔ ከጎኑ ነኝ። ሮፍናን በ2018 «ነጸብራቅ»ን ሲያወጣ ያደረገው ይኼንኑ ነው፤ የኤሌክትሮኒክስ ምትና የአገር ዜማ በራሱ ጆሮና በራሱ ስም አገናኘ። ሽማግሌ ነኝ ብዬ አልተቆጣሁም፤ ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ያ ልጅ የጋሽ ኃይሉ የልጅ ልጅ ነው። አዛዡ ግን አይደለም። በመሥራትና በማዘዝ መካከል ያለው ልዩነት እንዳይጠፋብን ነው የምጮኸው።

ስለዚህ የምለው ይኼ ነው፤ ለማድረግ ኮሚቴ አያስፈልገውም። ኤአይ ዘፈን የምትለቁ «በኤአይ የተሠራ ነው» ብላችሁ ጻፉበት፤ ሰው ዘፈነው አታስብሉ። የሞተ ዘፋኝ ድምፅ እየለበሳችሁ አዲስ ዘፈን አታስዘፍኑት፤ ልጆቹና ባለመብቶቹ አሉ። ኦርጋን የምትጫወቱ ልጆች ማሲንቆ መቺውን ከጎናችሁ አስቀምጡና ከፍያውን ተካፈሉ፤ እናንተም ነገ በማሽን እንዳትተኩ ዋስትናችሁ ሰው ሰውን ሲሰማ ማየት የለመደ ታዳሚ ነው። ስልክ ያላችሁ ሁሉ ደግሞ የእናቶቻችሁን የሠርግ ዘፈን፣ አማርኛውንም አዊኛውንም፣ አስፈቅዳችሁና ስማቸውን ጽፋችሁ ቅዱ። ማሽኑ ነገ የሚማርበት ነገር ካለ የማን እንደሆነ አብሮ ይታወቅ።

7. ምስክሩ የተናገሩት

ወደ ጋሽ ኃይሉ ልመለስና ልጨርስ፤ ምስክር ብላችሁ የጠራችኋቸው እናንተ ናችሁ።

በ2013 ካሴቱ እንደገና ወጥቶ ዓለም ሲያጨበጭብላቸው፣ ሰዉ የወደደው በትክክል ያን የብቻ ካሴት፣ ያን ደረቅ ምት ነበር። ቀላሉ መንገድ ግልጽ ነው፤ ያንኑ መድገም። የ2013 ማሽን ደግሞ ከ1985ቱ መቶ እጥፍ ይበልጣል፤ አንድ ላፕቶፕ ይዘው ዓለምን መዞር ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። በ2018 «ላላ በሉ»ን ሲያወጡ ድራሙን ቶኒ ባክ፣ ቤዙን ማይክ ማይኮውስኪ ተጫወቱት። ሁለቱም አውስትራሊያውያን ናቸው፤ ሁለቱም በእጃቸው የሚጫወቱ፣ ሲሳሳቱም በእጃቸው የሚሳሳቱ ሰዎች። ጋሽ ኃይሉ ያን ጊዜ ሰባ አልፏቸዋል። አኮርዲዮኑንም ኦርጋኑንም አልጣሉም፤ ምቱን ግን ለሰው መለሱት። በ2020 ያወጡት አልበም ርዕሱ «የኔ ምርጫ» ነው።

እኔ ከዚህ የምረዳው ቀላል ነገር ነው። ሰውየው ማሽን አልፈሩም፤ ማሽን አላመለኩምም። በ1985 ብቻቸውን ሆነው ተጠቀሙበት፤ ስማቸውን ጻፉበት፤ እኔም እስከ ዛሬ እየከነከነኝ እወደዋለሁ። ሰው ማግኘት ሲችሉ ግን ሰው መረጡ። ከዳንግላ ድንኳን ደጃፍ ላይ ማሲንቆ ይዞ የቆመ ሰው እያለ፣ «ኃይሉ መርጊያስ?» ብላችሁ አትጥሩልኝ። ጋሽ ኃይሉ ከእናንተ ጋር አይቆሙም።

የፊታችን ጥር የምትድሩ፣ የምታገቡ ሁሉ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ማሲንቆ መቺውን ጥሩት። ስልክ ቁጥራቸውን ካጣችሁ ጉሊት ላይ ጠይቁ፤ ሁሉም ያውቃቸዋል። የተለየ ሐሳብ ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ አነባለሁ፣ እመልሳለሁም።

ቸር ያሰማን።